«የታከመ ውሃ» ምንድን ነው?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለ ጎረቤቴ የሮቶውን ክዳን ከፈተና «አቦ፣ የታከመ ውሃ ነው፤ ስድስት ወር ቢቀመጥ ምን ይሆናል?» አለኝ። እጄን ሰድጄ ግድግዳውን ዳሰስኩት። ያሙለጨልጫል። ይህን አባባል ደጋግሜ ስሰማ ከረምኩ፤ ዛሬ ልጻፈው።

ስለ ማጣራት አላወራም፤ እሱ ይታወቃል። ያልታወቀው «የታከመ» የሚለው ቃል ውሃው ምን እንደተደረገለት እንጂ አሁን እንዴት እንዳለ የማይናገር መሆኑ ነው። ሆስፒታል ታክሞ የወጣ ሰው ማታውኑ ከበሽተኛ ጋር ቢያድር መልሶ ይታመማል። ክሎሪን ያለበት ውሃ መድኃኒቱ ገና ከደሙ ያልወጣ ሰው ነው፤ ለጊዜው ይከላከልለታል። ግን ክሎሪኑ በሙቀትና በፀሐይ ቶሎ ያልቃል፤ የድሬን ሙቀት ደግሞ እናውቀዋለን። በአልትራቫዮሌት መብራት ጨረር የታከመው ውሃ መብራቱን ካለፈ ወዲያ ምንም ጠባቂ የለውም። ደግሞም የድሬ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የመብራቱ መስታወት ላይም ይጋገርና ጨረሩን ይጋርዳል።

እኔ የባሕር አረም ችግኝ ሳፈላ ነው ይህን በደንብ የተማርኩት። እዚያ ክሎሪኑ ራሱ ችግኙን ይገድላል። የምታጠባ እናት መድኃኒት ስትወስድ ለልጇ እንደሚታሰበው ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድመን በሶዲየም ታዮሰልፌት እናከሽፈዋለን። ከዚያ በኋላ ውሃው የሚተማመነው በንጹሕ ዕቃ፣ በክዳንና በጨለማ ብቻ ነው።

«ከቀዘቀዘማ ምን ያገኘዋል?» ብሎ የተከራከረኝም አለ። አልስማማም። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያዘገያል እንጂ አይጨርስም። ስኳር ኬልፕ ለሚባለው አረም ውሃውን ወደ 10 ዲግሪ የምናወርደው አረሙ የቀዝቃዛ ባሕር ልጅ ስለሆነ ነው፤ ሕክምና አይደለም። የዛንዚባር ሴቶች የሚያለሙት የባሕር አረም ግን ሞቃት ባሕር ውስጥ ነው የሚያድገው፤ ማቀዝቀዣ አያሻውም። በነገራችን ላይ ማቀዝቀዣው ውሃውን የሚነካ የመዳብ ቱቦ ካለው ሌላ ጣጣ ነው። መዳቡ በጨው ውሃ እየተበላ ችግኙን ይመርዛል። ታይታኒየም ይሻላል።

ጎረቤቴን «መቼ ታከመ? ከዚያ ወዲህስ የት ቆየ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሁለቱንም አላወቀም። ሮቶው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ቅዳሜ ባዶ አድርገን ግድግዳውን በብሩሽ እናሸዋለን፤ ከዚያ ጥላ ሥር እናዛውረዋለን።