ኢሙሌተር ምንድን ነው? የስልካችሁን ራም ከመውቀሳችሁ በፊት

ፒፒኤስኤስፒፒ የፒኤስፒን፣ ማለትም በእጅ የሚያዘውን የሶኒ የጌም ማሽን፣ ጌሞች ስልክ ላይ የሚያጫውት ኢሙሌተር ነው። «ፒፒኤስኤስፒፒ ጫንኩ፣ ጌሙ ግን ላግ ያደርጋል» የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው መልስ «ራምህ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ 8 ጊጋ ያለው ስልክ ያዝ» የሚለው ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ነገሩን ሲያብራራ «ኢሙሌተር ማለት እንደ ቪዲዮ ማጫወቻ ነው፤ ፊልም የሚያጫውት ስልክ ጌሙንም ያጫውታል፤ ካላጫወተ ችግሩ ራም ነው» አለ፤ ብዙ ሰውም አመሰገነው። በዚህ ምክር ተነስቶ ስልክ የሚቀይር ሰው አለ። ቀይሮም ጌሙ እንደ በፊቱ ሲጎተት ያገኘዋል። ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ሶኒ በታኅሣሥ ወር 2004 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፒኤስፒ የነበረው ራም 32 ሜጋባይት ነው። ከ2007 ጀምሮ የወጡት ሞዴሎች 64 ሜጋባይት ደረሱ። 3 ጊጋባይት ያለው ስልክ የዚህን ወደ 50 እጥፍ ይይዛል። ኢሙሌተሩ ራሱና አንድሮይድ የሚወስዱት ቢቀነስ እንኳ ቦታ አይጠብም። ስልኩ የሚያጥረው ሌላ ነገር ነው።

ቪዲዮ ፋይል ውስጥ ያለው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ያለቀ ምስል ነው፤ ስልኩም እሱን ለመፍታት ብቻ የተሠራ ክፍል በቺፑ ውስጥ አለው። የፒኤስፒ ጌም ፋይል ውስጥ ግን ምስሉ ገና አልተሠራም። ያለው ትእዛዝ ነው፦ «ይህን ደምር፣ ያን አንቀሳቅስ፣ ይህን ሦስት ማዕዘን እዚህ ሣል»። ትእዛዙ የተጻፈው ሚፕስ በሚባል የፕሮሰሰር ቋንቋ ሲሆን፣ የስልካችሁ ፕሮሰሰር የሚያውቀው አርም የሚባለውን ነው። አንዱ ሌላውን ፈጽሞ አይሰማም።

ኢሙሌተር በመካከላቸው የሚቆም አስተርጓሚ ነው።

ፍርድ ቤት አስቡ። ምስክሩ ጌሙ ነው፤ ዳኛው የስልኩ ፕሮሰሰር ነው፤ የችሎቱ ጸሐፊ ምስሉን የሚሥለው የግራፊክስ ቺፕ ነው። ምስክሩ የተናገረው ሁሉ በአስተርጓሚው በኩል ያልፋል። ይህ ችሎት ግን ጥብቅ ሰዓት አለው። ፒኤስፒ ስክሪኑን በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ያድሳል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ዙር ትርጉም በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። ካላለቀ ጌሙ ይዘገያል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ራም በዚህ ውስጥ የአዳራሹ ስፋት ነው። አዳራሹን ማስፋት የአስተርጓሚውን አንደበት አያፈጥነውም።

«እሺ፣ ታዲያ ስልኬ ስምንት ኮር አለው» የሚለው ክርክር ቀጥሎ ይመጣል። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚሠራ አንድ ክፍል ነው። አንድ ምስክር ቃሉን በቅደም ተከተል ሲሰጥ ስምንት አስተርጓሚ ቢቆም ሥራውን ሊካፈሉት አይችሉም፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ይጠብቃል። ከፒፒኤስኤስፒፒ ሥራ ከባዱ ክፍል በአንድ ኮር ላይ ነው የሚሄደው፤ የሚወስነውም የዚያ የአንዱ ኮር ጉልበት ነው። ሄሊዮ ጂ35 የሚባለው የስልክ ቺፕ ስምንት ኮር አለው፤ ስምንቱም ግን ደካማው ኮርቴክስ ኤ53 ነው። ሄሊዮ ጂ85 ሁለት ጠንከር ያሉ ኤ75፣ ሄሊዮ ጂ99 ደግሞ ሁለት ይበልጥ የጠነከሩ ኤ76 አላቸው። ሦስቱም ማስታወቂያ ላይ «ኦክታ ኮር» ተብለው ይጻፋሉ፤ ከባድ ጌም ሲከፈት ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ስልክ የምትገዙ ከሆነ የቺፑን ስም ጠይቁና ትልልቆቹ ኮሮች ምን እንደሆኑ ፈልጉ።

አስተርጓሚውም ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንዱ ምስክሩ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ቢደግመው ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ይተረጉማል፤ ይህ ኢንተርፕሪተር ይባላል፣ ቀርፋፋ ነው። ሌላው አንዴ የተረጎመውን ማስታወሻ ላይ ይጽፍና ሲደገም ከማስታወሻው ያነብባል፤ ይህ ጂት ይባላል። አንድሮይድ ላይ ፒፒኤስኤስፒፒ በነባሪ የሚሠራው በጂት ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ የሲፒዩ ኮር ምርጫ ወደ ኢንተርፕሪተር ተቀይሮ ከተገኘ ወደ ጂት መልሱት። አይፎን ላይ ነገሩ ይለያል፦ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. አፕ ስቶር የገባው ስሪት አፕል ጂት ስለማይፈቅድ በተሻሻለ ኢንተርፕሪተር ነው የሚሄደው። የአይፎን ኮሮች ጠንካራ ስለሆኑ አብዛኛው ጌም ያም ሆኖ ይሠራል፤ ነገር ግን የአይፎን ተጠቃሚ የሰጠው የሴቲንግ ምክር አንድሮይድ ላይ በቀጥታ አይገለበጥም።

አሁን ወደ ሴቲንጉ። ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግራፊክስ ውስጥ የፍጥነት መቶኛውንና ኤፍፒኤሱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚሣለውን የምስል ብዛት፣ የሚያሳየውን አብሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱ 100% ሆኖ ኤፍፒኤስ 30 ካሳየ ምንም አልተበላሸም፤ አብዛኛው የፒኤስፒ ጌም ሲሠራ ጀምሮ በ30 እንዲሄድ የተሠራ ነው። ጂቲኤ ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ እንዲህ ነው። ተከን 6 ደግሞ በ60 ይሄዳል። «30 ብቻ ነው የሚያወጣው» ብሎ የ60 ኤፍፒኤስ ቺት የሚጭን ሰው የአስተርጓሚውን ሥራ እጥፍ አደረገው ማለት ነው፤ በአንዳንድ ጌም ላይ የጨዋታው እንቅስቃሴ ራሱ በእጥፍ ይፈጥናል። መመልከት ያለባችሁ መቶኛውን ነው። ከ100 በታች ሲወርድ ብቻ ችግር አለ።

ወረደ እንበል። ማነው የዘገየው፣ አስተርጓሚው ወይስ ጸሐፊው? ሬንደሪንግ ሬዞሉሽንን ወደ 1 እጥፍ አውርዱና ጌሙ ውስጥ የዘገየበት ቦታ ላይ ቁሙ። መቶኛው ከፍ ካለ ጥፋቱ የጸሐፊው፣ ማለትም የግራፊክስ ቺፑ ነበር። ምንም ካልተነቃነቀ አስተርጓሚው ነው የደከመው፤ ከዚያ በኋላ ሬዞሉሽን መቀነስ ምስሉን ከማደብዘዝ በቀር ጥቅም የለውም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ ግምትን ሁሉ ያስቀራል።

ሬዞሉሽን የጸሐፊው የፊደል መጠን ነው። የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ነው፤ ወደ 130,000 ነጥብ። 2 እጥፍ ስትሉት ነጥቡ በ4፣ 3 እጥፍ ስትሉት በ9፣ 4 እጥፍ ስትሉት በ16 ይባዛል። ስክሪኑ 720 የሆነ ስልክ ላይ 3 እጥፍ ቁመቱ 816 ስለሚሆን ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ ማለፍ ስልኩን ማጋል ብቻ ነው። ደካማ ቺፕ ላይ 2 እጥፍ ጥሩ መነሻ ነው።

ፍሬም ስኪፒንግ ሁሉም የሚመክረው መድኃኒት ሆኗል። ይህ ጸሐፊው አንዳንድ መስመር ሳይጽፍ እንዲያልፍ መፍቀድ ነው፤ አስተርጓሚው ግን የምስክሩን ቃል አንድም ሳያስቀር መተርጎም አለበት። ስለዚህ የዘገየው ጸሐፊው ከሆነ በደንብ ይረዳል፤ አስተርጓሚው ከሆነ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ካስፈለገ ከ1 አትለፉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሲፒዩ ክሎክ ነው። «ፒኤስፒውን ወደ 333 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው፣ ይፈጥናል» ይባላል። ይህ ቁጥር የስልኩን ፕሮሰሰር አይነካም፤ የሚቀየረው ኢሙሌተሩ የሚያስመስለው ፒኤስፒ ፍጥነት ነው። ምስክሩን ቶሎ ቶሎ ተናገር እንደማለት ነው! አስተርጓሚው አስቀድሞ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ የባሰ ይቀራል። ጠንካራ ስልክ ላይ፣ በእውነተኛው ፒኤስፒም ይዘገይ የነበረን ጌም ለማለስለስ ይጠቅማል፤ ደካማ ስልክ ላይ 0 ላይ ተዉት፤ 0 ማለት ነባሪው ነው።

ቮልካንና ኦፕንጂኤል ኢሙሌተሩ የግራፊክስ ቺፑን የሚያዝዝባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ቮልካንን አስቀድሙ፤ ምስሉ ከተበላሸ ወይም አፑ ከተዘጋ ወደ ኦፕንጂኤል ቀይሩ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የስልኩ አምራች ያስገባው የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ነው፤ ርካሽ ስልኮች ላይ ድራይቨሩ ከወጣ በኋላ ብዙም አይታደስም። ስኪፕ በፈር ኢፌክትስ የሚለው ምርጫ ፍጥነት ይሰጣል፤ ግን ጥላ፣ ብርሃን፣ አንዳንዴም ሙሉ ስክሪኑ ሊጠፋ ይችላል። «ጌሙ ጥቁር ሆነብኝ፣ ድምፅ ግን አለው» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህን አብርቶ እንደሆነ ነው። ማንኛውንም ለውጥ ለሁሉም ጌም አታድርጉ፤ የጌሙን ምስል ተጭናችሁ ስትይዙ በሚመጣው ገጽ ላይ ለዚያ ጌም ብቻ የሚሆን ኮንፊግ መፍጠር ይቻላል።

ስልኩ ከሩብ ሰዓት በኋላ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ሴቲንግ አትንኩ። ሙቀት ነው፤ ቺፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቻርጅ እያደረጉ መጫወት ያባብሰዋል፣ የባትሪ ቁጠባ ሞድም ኮሮቹን ያስራቸዋል።

ባዮስ፣ ማለትም የጌም ማሽኑ ሲበራ የሚያስነሳው የራሱ ፕሮግራም፣ ፈልጉ የሚላችሁን አትስሙት። ሌሎች ኢሙሌተሮች፣ ለምሳሌ የፕሌይስቴሽን 2፣ የማሽኑን ባዮስ ፋይል ይጠይቃሉ። ፒፒኤስኤስፒፒ ግን የፒኤስፒን የሲስተም ሥራ ራሱ ጽፎ ይዞታል፤ የፍርድ ቤቱን ሥርዓት አስተርጓሚው ራሱ ያውቀዋል እንደማለት ነው። «ጎልድ» የሚባለውም ፈጣኑ ስሪት አይደለም። ከነጻው ጋር አንድ ነው፤ ገንዘቡ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረውን የኢሙሌተሩን ፈጣሪ የሄንሪክ ሪድጎርድን ሥራ ይደግፋል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ጎልድ ከማይታወቅ ቦታ ማውረድ ምንም ሳታተርፉ ለቫይረስ በር መክፈት ነው።

አስተርጓሚው የሚያውቀው የአንድ ማሽን ቋንቋ ብቻ መሆኑም ይረሳል። የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ፋይል ዓይነቱ አይኤስኦ፣ ማለትም የዲስክ ሙሉ ቅጂ፣ ስለሆነ ብቻ እዚህ አይከፈትም። «ኤፍሲ 25 ለፒፒኤስኤስፒፒ» ተብሎ የሚወጣውም እውነተኛው ኤፍሲ 25፣ ማለትም ፊፋን የተካው የእግር ኳስ ጌም፣ አይደለም፤ ለፒኤስፒ የወጣው የመጨረሻው ፊፋ ፊፋ 14 ነው፣ የቀረው በድሮ ጌም ላይ የተጫዋች ስምና ማልያ መቀየር ነው። ሠሪዎቹ የሚደክሙበት ሥራ ነው፤ ግን ምን እንደሆነ አውቃችሁ አውርዱ። ትልቅ ጌምን «100 ሜጋ ብቻ» የሚል ፋይል ሲገጥማችሁ ወይ ቪዲዮና ድምፁ ተቆርጧል፣ ወይ ማጭበርበሪያ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ትክክለኛው መንገድ ሲኤስኦ ወይም ሲኤችዲ የሚባለው የታመቀ የዲስክ ፋይል ነው፤ ኢሙሌተሩ በቀጥታ ያነባቸዋል። ራር የሚባል የታመቀ ፋይል ከሆነ መጀመሪያ ይፈታ። ንጹሕ ፋይል የሚገኘው ከራስ ዲስክ ነው፦ ከስተም ፈርምዌር (ከሶኒ ውጭ የተሠራ የሲስተም ሶፍትዌር) ያለው ፒኤስፒ ላይ ሴሌክትን ተጭናችሁ የዩኤስቢ ምርጫውን ወደ ዩኤምዲ ዲስክ፣ ማለትም ወደ ፒኤስፒው ራሱ የጌም ዲስክ፣ ብትቀይሩና በኬብል ከኮምፒውተር ብታገናኙት ዲስኩ እንደ አንድ አይኤስኦ ፋይል ይታያል፤ መገልበጥ ብቻ ነው።

ሴቭ ስቴትን ከሴቭ ጋር ማምታታት ደግሞ የስንቱን የወራት ጨዋታ አጥፍቷል። ጌሙ ራሱ ሴቭ ሲያደርግ ውሳኔው መዝገብ ቤት ገብቷል፤ ፋይሉ ሴቭዳታ በሚባለው ፎልደር ይቀመጣል፣ ወደ ሌላ ስልክ ወይም ወደ እውነተኛ ፒኤስፒም ሊወሰድ ይችላል። ሴቭ ስቴት ግን ችሎቱ በመካከል ላይ ሳለ የተነሳ ፎቶ ነው፤ ማን የት እንደቆመ፣ የማን አፍ እንደተከፈተ ሁሉ ይይዛል፣ በዚያች ቅጽበት የነበረ ስህተትም አብሮ ይመለሳል። አፑ ሲታደስ የድሮው ስቴት ሊበላሽ ይችላል። ስቴትን ለአስቸጋሪ ቦታ ተጠቀሙበት፤ ከመውጣታችሁ በፊት ግን በጌሙ ውስጥ ሴቭ አድርጉ።

መዝገብ ቤቱ የት እንዳለም እወቁ። ፒፒኤስኤስፒፒ አዳዲስ አንድሮይድ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ፎልደር ምረጡ ይላል። የአፑን የግል ቦታ ከመረጣችሁ አፑ በጠፋ ቀን ሴቩም አብሮ ይጠፋል። ፒኤስፒ የሚል ፎልደር ራሳችሁ ፈጥራችሁ እሱን ምረጡ፣ ውስጡ ያለውን ሴቭዳታም አልፎ አልፎ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። እዚያ ያሉት ፎልደሮች ስማቸው በጌሙ መለያ ይጀምራል፤ ዩኤልዩኤስ የአሜሪካ፣ ዩኤልኢኤስ የአውሮፓ ስሪት ነው። የአውሮፓውን ጌም አጥፍታችሁ የአሜሪካውን ብታስገቡ ሴቩ እዚያው እንዳለ ነው፤ አዲሱ ጌም ግን መለያው የሱ ስላልሆነ አያየውም።