«ጊዜ ቀጠሮ ተጠየቀበት» ማለት «ተከሰሰ» ማለት አይደለም

ሰሞኑን «ጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ተጨማሪ ቀን) ተጠየቀበት፤ ተከሰሰ ማለት ነው?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ ልጻፈው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለው 48 ሰዓት ፍርድ ቤት የመቅረቢያ ጊዜ ነው እንጂ የመፈቻ ጊዜ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ «48 ሰዓት ሞላው፣ ለምን አይለቁትም?» የሚለው እዚህ ላይ ነው የሚምታታበት።

አንድ ሰው በስርቆት ተጠርጥሮ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተያዘ እንበል። እስከ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት (ፍርድ ቤቱ ሩቅ ከሆነ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም)። መርማሪው «ምስክር ይቀረኛል፣ 14 ቀን ይሰጠኝ» ይላል። ጊዜ ቀጠሮ የሚባለው ይኼ ነው። ገና ክስ የለም፤ ሰውየውም «ተጠርጣሪ» እንጂ «ተከሳሽ» አይባልም። ዳኛው 14ቱንም ሊፈቅድ፣ 7 ብቻ ሊሰጥ ወይም በዋስ ሊለቅ ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አልገደበም። እንደኔ ትልቁ ቀዳዳ ይኼ ነው። ስለዚህ «በድምሩ ስንት ቀን ይፈጃል?» ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም፣ እንደ መዝገቡ ይለያያል። በሽብር ለተጠረጠረ ደግሞ ሌላ አዋጅ አለ፣ እሱን እዚህ አንቀላቅለው።

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ያልፋል። ክስ ለመመሥረት በ1954ቱ ሕግ 15 ቀን አለው፤ ማስረጃው ካልበቃው ላይከስስም ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ለማወቅ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መዝገቡ አሁን ማን ጋር ነው?» ይሁን።