የፒኤስ 5 ካርቶን ላይ ያለው «4ኬ 120» ምን ማለት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ፒኤስ 5 (ፕሌይስቴሽን 5፣ የሶኒ ጌም ማጫወቻ) ያስገቡ ጌም ቤቶች ጋ ይህ ጥያቄ አይጠፋም፦ «4ኬ 120 ይላል፤ ታዲያ ለምን ከፒኤስ 4 ብዙም አይለይም?»

ሁለቱ ቁጥሮች ለየቅል ናቸው። 4ኬ የምስል ጥራት ነው፦ 3840 በ2160 ነጥብ፣ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ። 120 ደግሞ ማሽኑ በሰከንድ የሚያወጣው የምስል ብዛት ጣሪያ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጡ ጌሞች ጥቂት ናቸው። ማሽኑ አቅሙን ለአንዱ ሲያውል ከሌላው ይቀንሳል።

ለዚህ ነው ብዙ ጌሞች ሴቲንግ ውስጥ ምርጫ የሚሰጡት። «ኳሊቲ» ምስሉን ያሳምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሰከንድ 30 ምስል ላይ ይቆማል። «ፐርፎርማንስ» ጥራቱን ቀነስ አድርጎ ወደ 60 ያደርሰዋል። በ30 እያንዳንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ ያህል ስክሪኑ ላይ ይቆያል፤ በ60 ግማሹን ብቻ። ኳስና ተኩስ ላይ ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል፤ ቁልፉን ስትነካው ቶሎ ይታዘዛል። እኔ ሁሌም ፐርፎርማንስን ነው የምመክረው።

ቲቪውም ወሳኝ ነው። ባለ 60 ኸርዝ ቲቪ (በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ) 120 አያሳይም። 4ኬን በ120 ለማየት ቲቪው ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚባለውን የምስልና የድምፅ ገመድ ደረጃ መቀበል አለበት። ገመዱ ከፒኤስ 5 ጋር አብሮ ይመጣል፤ በሌላ እንዳትቀይሩት። ቲቪያችሁ አሮጌ ፉል ኤችዲ ቢሆንም ግን ጌሙ ቶሎ ይከፈታል፤ እሱ የኤስኤስዲው (ጌሙ የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ) ሥራ ነው።