ላሊበላ፦ ቅዳሴ የማይቋረጥበት ቅርስ አጠባበቅ

በሰሜን ወሎ፣ ላስታ የሚገኙት 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ናቸው። ከመዝገቡ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ግን ኪዳን የሚደርስባቸው፣ ቅዳሴ የሚቀደስባቸው ናቸው። በገና ማለዳ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ካህናቱ በቤተ ማርያም ግቢ ዙሪያ ባለው የዐለት ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ያሸበሽባሉ፤ ከሥር ምእመኑ ግድግዳውን ይሳለማል። እንደ ሙዚየም «አትንኩ» ተብሎ የሚታጠር ቦታ አይደለም።

ዋናው ጠላት ዝናብ ነው። ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ለመፈልፈል የሚመች ቀይ ድንጋይ ነው፤ ለመሮ የተመቸው ለውሃም ተመችቷል። ጠራቢዎቹ ይህ አልጠፋቸውም፤ ዝናቡ ተንደርድሮ እንዲወጣ ቦይ ቀድደዋል። ቦዩ በደለል ሲደፈን ግን ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ግድግዳውም ከሥሩ ይርሳል።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣሪያና ግድግዳ በሬንጅ ተለቅልቆ ቀይ ቀለም ተቀባ። ውሃ ይከለክላል የተባለው ሬንጅ እርጥበቱን ውስጥ አፈነው። በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ቡድን ይህንኑ ልባስ ሲፍቅ ከረመ። የቅርስ ጥገና ግማሹ ድካም፣ እንዲህ፣ ያለፈውን ጥገና ማፍረስ ነው።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ፣ ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ማርያምን ጨምሮ ከአንዳንዶቹ በላይ በቆሙት የብረት መጠለያዎች ነው። ዝናቡን አስቀርተዋል፤ ሲሠሩም ለጊዜው ተብሎ ነበር። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን የምሰሶዎቹ ክብደት ዐለቱን ይጎዳዋል፣ ነፋስ ቢጥላቸውስ የሚል ስጋት በረታ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ነዋሪዎች ይነሱልን ብለው ሰልፍ ወጡ። በማግስቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው የፈረንሳይን እገዛ ቃል ገቡ። መጠለያው ይነሳ ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ ክረምት ሳይገባ ስንጥቁን መድፈን ነው።

በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ከመንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር ባካሄደው ጥገና የአካባቢው ልጆች ሙያውን ተምረዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ያለ መጠለያ ቆሟል፤ በመስቀል ቅርጽ ጣሪያው ላይ ያረፈው ዝናብ ዛሬም በተቀደደለት አሸንዳ ይወርዳል።