በአካል ጉዳት ክፍያ እየኖሩ የትዳር አጋርን ከጎጃም መውሰድ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ ወይም ከሞጣ ወጥተው ውጭ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ትዳር የሚመሠርቱት አገር ቤት ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ሠርጉ ይደገሳል፣ ከዚያ ፕሮሰስ ይጀመራል። ከእነሱ መካከል በሕመም ወይም በአደጋ ከሥራ ወጥተው በመንግሥት የአካል ጉዳት ክፍያ የሚኖሩ አሉ። «ሥራ ከሌለህ ሚስት ማምጣት አትችልም» ሲባሉ ብዙዎቹ አምነው ይቀመጣሉ። ነገሩ ግን እንዲህ በደፈናው አይደለም። የሚወስነው አገሩና የክፍያው ዓይነት ነው።

አሜሪካ ያለ ሰው በመጀመሪያ አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ ለትዳር አጋሩ ያስገባል። ገንዘቡ የሚጠየቀው በኋላ፣ አይ-864 በሚባለው የዋስትና ፎርም ላይ ነው። የስፖንሰሩ፣ ማለትም ዋስ ሆኖ የሚያመጣው ሰው፣ ዓመታዊ ገቢ የፌዴራሉን የድህነት ወለል 125 በመቶ መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 መለኪያ፣ ለሁለት ሰው ቤተሰብ በአብዛኞቹ ግዛቶች 26,437 ዶላር ግድም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚምታታው። ኤስኤስዲአይ የሚባለው ክፍያ ሰውየው ሲሠራ ከከፈለው የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የመጣ ስለሆነ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ኤስኤስአይ ግን ገቢና ንብረት ለሌለው የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ ለአይ-864 አንድ ዶላሩም አይቆጠርም። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ስለዚህ ከሶሻል ሴኩሪቲ የተላከውን ደብዳቤ አውጥቶ የትኛው እንደሆነ ማየት ይቀድማል።

ኤስኤስአይ ብቻ የሚያገኝ ሰውም በሩ አልተዘጋበትም። የራሱን አይ-864 ፈርሞ፣ ገቢው የሚበቃ ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለትም ተጨማሪ ዋስ፣ ከጎኑ ያቆማል። ይህ ሰው 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆን አለበት። ዘመድ መሆን ግን ግዴታ የለበትም።

የእኛ ሰው ለወዳጁ ዋስ ለመሆን አያመነታም። ይህ ዋስትና ግን ከባድ ነው። ባልና ሚስት ቢፋቱ እንኳ አይወርድም። የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን፣ 40 ሩብ ዓመት (10 ዓመት ግድም) የሥራ ዘመን እስኪቆጠርለት፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ትቶ አሜሪካን ለቆ እስኪወጣ ወይም እስኪሞት ይቆያል። ይህን ሳይነግሩ ወዳጅን ማስፈረም ነውር ነው።

ለኤስኤስአይ ተቀባይ ጉዞውም ጣጣ አለው። በጥር ለሠርግ ሄዶ፣ መልሱን በልቶ፣ ዘመድ ጠይቆ ሲል 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ክፍያው ይቋረጣል። ተመልሶም 30 ተከታታይ ቀን መቀመጥ አለበት። ሚስት ደርሳ ሥራ ስትጀምር ደግሞ ደመወዟ በባሏ ኤስኤስአይ ላይ ይታሰባል። ይህ ሁለቱም አስቀድመው ሊመክሩበት የሚገባ ነገር ነው።

ካናዳ ትሻላለች። ማኅበራዊ እርዳታ የሚቀበል ሰው ስፖንሰር መሆን አይችልም ቢባልም፣ እርዳታው በአካል ጉዳት ምክንያት ከሆነ ክልከላው አይነካውም። ለትዳር አጋር በአብዛኛው የገቢ ወለልም የለም። ግዴታው የሚቆየው 3 ዓመት ነው። ኩቤክ የራሷ ደንብ አላት።

በእንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለመደው የገቢ መስፈርት 29,000 ፓውንድ ሆኗል። ፒአይፒን የመሰለ የአካል ጉዳት ክፍያ ያለው ሰው ግን ከዚህ ነጻ ነው፤ የቤት ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ለሁለቱ መኖሪያ መብቃቱን ብቻ ያሳያል። የቪዛውና የጤና ክፍያው ግን አይቀርለትም።

የጎጃሙ ወገን ሥራ ወረቀት ነው። በተክሊል የተጋቡ ጥንዶችም ጋብቻቸውን በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብ አለባቸው። ቀኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጥር 12 ቀን 2017 የተፈጸመ ሠርግ በፈረንጁ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው። አንዱ ወረቀት ላይ በእኛ፣ ሌላው ላይ በእነሱ አቆጣጠር ከተጻፈና ሳይመሳከር ከቀረ፣ ጥያቄ ያስነሳል። የአባት ስም አጻጻፍም እንደዚያው። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የቴሌግራም መልእክት፣ ከሁለቱም ቤተሰብ ጋር የተነሡት ፎቶ ሁሉ ይቀመጥ።

ለአሜሪካ ቪዛ የሕክምና ምርመራውና ኢንተርቪው አዲስ አበባ ነው። የዓባይን በረሃ አቋርጦ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ችግር ሊዘጋ ስለሚችል ቀደም ብሎ መግባት ይበጃል። የቪዛ ፖሊሲም በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመነሣት በፊት የኤምባሲውን ድረ ገጽ ማየት ያስፈልጋል። ቆንስላው ባልሽ ምን ሠርቶ ይኖራል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለ ጉዳቱም ሆነ ስለ ክፍያው ባሏ ደብቋት ከሆነ፣ እሷ ስትደናገር ትዳሩ ለቪዛ ሲባል የተፈጸመ ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ የሚነገረው ሽማግሌ ሲላክ ነው፤ የክፍያው ደብዳቤና የጆይንት ስፖንሰሩ ወረቀት ቅጂም በእጇ ይኑር።