አድቫንስ ፓሮል ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው። ባለፈው ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታችን «ልጄ አሜሪካ አግብታ ከሄደች ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። ለፋሲካ ነይ ብላት አልችልም አለችኝ። ጨከነችብኝ» ብለው አለቀሱ። ልጅቷ ግን አልጨከነችም። ግሪን ካርዷ ፕሮሰስ ላይ ነው፤ አድቫንስ ፓሮሏ ገና አልወጣላትም።

አድቫንስ ፓሮል አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ለግሪን ካርድ ያመለከተ ሰው ውሳኔው ሳይመጣ ከአገር ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚያገኘው ፈቃድ ነው። የሚጠየቀው አይ 131 በሚባለው ፎርም ነው። ፎርሙን ማስገባት ብቻ አይበቃም። ፈቃዱ ጸድቆ እጅ ሳይገባ የወጣ ሰው፣ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ራሱ እንደተወው ይቆጠርበታል። የከፈለው ገንዘብም፣ የጠበቀው ጊዜም ውሃ በላው ማለት ነው።

በኤች ዋን ቢ ወይም በኤል ዋን የሥራ ቪዛ ያሉ ሰዎች ቪዛቸው ካልተቃጠለና ወደዚያው ሥራ የሚመለሱ ከሆነ ያለዚህ ፈቃድም መመላለስ ይችላሉ። በእጮኛ ወይም በተማሪ ቪዛ የገባ ግን ያስፈልገዋል።

እዚህ ሰፈር ብዙ የምሰማው «ወርክ ፐርሚቷ ደርሷል፣ ታዲያ ምን ቀራት?» የሚለውን ነው። የሥራ ፈቃድና የጉዞ ፈቃድ ይለያያሉ። አንዳንዴ ሁለቱ በአንድ ካርድ ይመጣሉ። ያኔ ካርዱ ላይ «አይ 512 አድቫንስ ፓሮል ሆኖ ያገለግላል» የሚል በእንግሊዝኛ ይጻፍበታል። ያ ጽሑፍ ከሌለ ካርዱ ለሥራ ብቻ ነው። ፈቃዱ ቢኖርም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እዚያ ኤርፖርት ያለው መኮንን ስለሆነ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ጠበቃ ማማከር ይበጃል።

ጥገኝነት የጠየቁት ነገር ደግሞ ይብሳል። ጉዳያቸው ሳይወሰን፣ በአድቫንስ ፓሮልም ቢሆን፣ ሸሸሁት ወዳሉት አገር ከተመለሱ ማመልከቻቸውን እንደተዉ ይገመታል። ጥገኝነቱን ያገኘም ሰው ወደ አገሩ ቢመለስ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ልጅዎ «ዱባይ እንገናኝ» ካለዎት ሀገሩን ጠልቶ አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። እኛ ሰው ሲታመም ውጭ ላለ ልጅ እንደብቃለን። «እንዳትደነግጥ» እንላለን፤ ከዚያ መርዶ እንልካለን፤ ለቀብር አልደረሰችም ብለን ደግሞ እንወቅሳታለን። አድቫንስ ፓሮል በመደበኛው መንገድ ወራት ይፈጃል። ለከባድ ሕመምና ለሞት ግን በአስቸኳይ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል፦ የሕመሙ ዓይነት የተጻፈበት፣ የሐኪም ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት። በአማርኛ ከተጻፈ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይያያዝበታል። ይህን ወረቀት ከእኛ በቀር ማን ይልክላታል?

ይህን ሳወራ ጎረቤታችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ለካ የልብ ሕመም እንዳለባቸው ከተነገራቸው ወራት አልፏል፤ ለልጃቸው «ጉንፋን ነው» ብለዋታል። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ቤታቸው ገብተው በፌስታል የተጠቀለለ የሐኪም ወረቀት ይዘው መጡ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። «ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አሉኝ።