የቲክቶክ ስደተኞች፦ ከእገዳው ሸሽተው ሻዎሆንግሹ የገቡት አሜሪካውያን

"የቲክቶክ ስደተኞች" የሚባሉት በጃንዋሪ 2025 ቲክቶክ በአሜሪካ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሻዎሆንግሹ ወደሚባል የቻይና አፕ የጎረፉት ሰዎች ናቸው። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። አካውንት እንደከፈቱ ይሄንኑ ሃሽታግ ለጥፈው፣ ፊታቸውን ለካሜራው ሰጥተው፣ ከየት እንደመጡና ለምን እንደመጡ ያስረዱ ነበር። አፑ በዚያ ሳምንት በአሜሪካ የአፕል አፕ ስቶር ከነጻ አፖች አንደኛ ሆነ። ሮይተርስ እንደዘገበው በሁለት ቀን ብቻ ከ700 ሺህ በላይ አዲስ ሰው ገብቷል። አብዛኛው ደግሞ አንዲት የቻይንኛ ፊደል መለየት የማይችል ሰው ነው።

ነገሩ ከየት መጣ? ቲክቶክ የባይትዳንስ ነው፤ ባይትዳንስ ደግሞ መቀመጫው ቤጂንግ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሁለት ስጋት ነበረው። አንደኛው የዜጎቹ መረጃ በቻይና መንግሥት እጅ ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለሰው ምን እንደሚታይ የሚወስነው አልጎሪዝም ከባሕር ማዶ ሊዘወር ይችላል የሚል። ኤፕሪል 24 ቀን 2024 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን አንድ ሕግ ፈረሙ። ባይትዳንስ በ270 ቀን ውስጥ የአሜሪካውን ቲክቶክ ይሽጥ፣ ካልሸጠ ይዘጋል። ቀነ ገደቡ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ላይ አረፈ። ኩባንያው የመናገር ነጻነት ተጣሰ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ጃንዋሪ 10 ክርክሩን ሰምቶ ጃንዋሪ 17 ሕጉን በሙሉ ድምፅ አጸናው። ስደቱ የተጀመረው ውሳኔው ከመውጣቱ በፊት ነው። ዳኞቹ ክርክሩን ሲሰሙ ያነሱትን ጥያቄ ያዳመጠ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገብቶት ነበር።

ቲክቶክ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ 170 ሚሊዮን ተጠቃሚ ነበረው። ከእነዚህ ውስጥ በዚያች አፕ ዕቃ ሸጦ የሚኖር፣ ፎሎወር ሰብስቦ ኑሮውን የመሠረተ ስንት ሰው አለ። ሌላ መሄጃ አጥተው ግን አይደለም። ኢንስታግራም ሪልስ አለ፣ ዩቲዩብ ሾርትስ አለ፣ ሁለቱም ስልካቸው ላይ ነበሩ። ታዲያ ለምን የቻይና አፕ? መልሱ ባጭሩ እልህ ነው። መረጃችሁን ቻይና ትወስድባችኋለች ሲባሉ፣ እነሱ ራሳቸው በእጃቸው ወስደው አስረከቡ። ብዙዎቹም ይሄን በግልጽ ተናግረዋል። ከእገዳው ይጠቀማል ብለው ለጠረጠሩት የኢንስታግራም ባለቤት ለሜታ አንድ ደቂቃ እንኳ መስጠት አልፈለጉም። እኔ እልሁን አልንቀውም። ሰው ለዓመታት የሠራው ነገር ሳይጠየቅ በሌላ ሰው ፊርማ ሲዘጋበት የሚቀረው አንድ ነገር እግሩ ነው፣ ወደፈለገው ይሄዳል።

አሁን ስለ አፑ። ሻዎሆንግሹ በ2013 ሻንጋይ ውስጥ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ማዎ ዌንቻዎ እና ቹ ፋንግ ናቸው። መጀመሪያ ወደ ውጭ ለሚጓዙ ቻይናውያን የገበያ መመሪያ ነበር፤ ምን ይገዛ፣ የት ይገዛ የሚል። ኋላ ላይ ሰው ስለ ልብስ፣ ስለ ቅባት፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ምግብ ፎቶና ጽሑፍ የሚለጥፍበት ሆነ። ስደተኞቹ ሲመጡ በወር 300 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይጠቀምበት ነበር፣ አብዛኛው ከተሜ ወጣት ሴት ነው። ስሙ "ትንሽ ቀይ መጽሐፍ" ማለት ነው። ውጭ ያለ ሰው ይሄን ሲሰማ ወዲያው የቀድሞው የቻይና መሪ የማዎ ዜዱንግ የጥቅሶች መጽሐፍ ትዝ ይለዋል፤ ቻይናውያን ግን ያንን መጽሐፍ የሚጠሩት በሌላ ስም ነው። በእንግሊዝኛው ዓለም "ሬድኖት" ተባለ፣ ስሙም ጸና።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቲክቶክ ራሱ ቻይና ውስጥ አይሠራም። እዚያ ያለው ዶውዪን የሚባለው ወንድሙ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። ፌስቡክ ከ2009 ጀምሮ፣ ኢንስታግራም ከ2014 ጀምሮ በቻይና ዝግ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2021 ክለብሃውስ የሚባል የድምፅ ውይይት አፕ ለጥቂት ቀን በር ከፍቶ ነበር፣ ወዲያው ተዘጋ። ስለዚህ ተራ ቻይናዊና ተራ አሜሪካዊ አንድ ኮመንት ስር የሚገናኙበት ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሻዎሆንግሹ ግን የውጭና የአገር ውስጥ ብሎ አልተከፈለም ነበር። የገባ ሁሉ አንድ ቤት ነው የገባው። እዚያ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ ከስሩ ከየት እንደተለጠፈ ይጽፋል፤ የቻይና ተጠቃሚ ከሆነ ክፍለ ሀገሩ፣ የውጭ ሰው ከሆነ አገሩ። ለነባሮቹ የለመዱት ገጽ ላይ በድንገት "አሜሪካ" የሚለው ቃል ስር በስር ሲደረደር ማየት ምን ያህል እንደገረማቸው መገመት አይከብድም።

የተቀበሏቸው በደስታ ነው። መግቢያ "ግብር" ብለው የድመት ፎቶ ጠየቁ፣ አሜሪካውያኑም የድመታቸውን ፎቶ እየለጠፉ ከፈሉ። ተማሪዎች የእንግሊዝኛ የቤት ሥራቸውን ይዘው መጡ፣ እንግዶቹ ሠሩላቸው። ከዚያ ጥያቄው ከበድ አለ። እውነት አምቡላንስ ስትጠሩ ያን ያህል ትከፍላላችሁ? እውነት ሁለት ሥራ ትሠራላችሁ? አሜሪካውያኑ ደግሞ ስለ ቻይና የቤት ኪራይ፣ ስለ ምግብ ዋጋ፣ ስለ ሥራ ሰዓት ይጠይቃሉ። ሁለቱም ስለ ሌላው አገር የሰሙትን ከሌላው አፍ ማረጋገጥ ፈለጉ።

እኔን ከሁሉም የነካኝ ግን የሊ ኋ ነገር ነው። ሊ ኋ የቻይና የእንግሊዝኛ ፈተና ገጸ ባሕርይ ነው። ተፈታኙ ሊ ኋ ነህ ይባልና ለውጭ አገር ጓደኛው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ይነግረዋል፣ በዓል ላይ ይጋብዘዋል፣ ምክር ይጠይቀዋል። ትውልድ በትውልድ ላይ ይሄን ደብዳቤ ሲጽፍ አድጓል፣ ማንም ግን መልስ አግኝቶ አያውቅም። ደብዳቤው ወደ አራሚው መምህር እንጂ ወደ ሌላ የትም አይሄድም። አሜሪካውያኑ ሲመጡ ቻይናውያኑ ለዚያ ሁሉ ደብዳቤ ለምን መልስ እንዳልሰጧቸው ጠየቋቸው። እንግዶቹ ነገሩ ሲገባቸው ተቀምጠው ለሊ ኋ መልስ ይጽፉ ጀመር። በመዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቁ፣ እንዴት ነህ አሉት። ፈተና ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲጽፍ ለኖረ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። አፑ የሚገዛው በቻይና ሕግ ነው። ነባሮቹ ለእንግዶቹ ቀድመው የነገሯቸው ፖለቲካ፣ ሃይማኖትና አደንዛዥ ዕፅ እንዳያነሱ ነው። የለጠፉት ነገር የጠፋባቸው ነበሩ። ኩባንያው ራሱም ዝግጁ አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ የሚለጠፈውን የሚቆጣጠር ሰው ፍለጋ ተሯሯጠ። መጀመሪያ ሰው ጽሑፉን ኮፒ እያደረገ ሌላ ቦታ ወስዶ ያስተረጉም ነበር፤ በሳምንት ገደማ ውስጥ አፑ የትርጉም ቁልፍ አወጣ። የቋንቋ መማሪያው አፕ ዱኦሊንጎም ማንደሪን ቻይንኛ የሚማሩ አሜሪካውያን ከቀደመው ዓመት በ216 በመቶ ጨመሩ አለ።

የታገደ ሁሉ ግን እንዲህ አይሰደድም። ሕንድ በጁን 2020 ከቻይና ጋር ከገጠማት የድንበር ግጭት በኋላ ቲክቶክን ጨምሮ 59 የቻይና አፖችን ስትዘጋ፣ ሕዝቡ መጀመሪያ እንደ ሞጅ እና ጆሽ ያሉ የአገር ውስጥ አፖች ገባ። በኋላ ብዙውን ተመልካች የወሰዱት ኢንስታግራምና ዩቲዩብ ናቸው። ብራዚል በኦገስት 2024 መጨረሻ ኤክስን (የቀድሞውን ትዊተር) ስታግድ ሚሊዮኖች ብሉስካይ ወደሚባል ተመሳሳይ አፕ ገቡ፣ ፖርቱጋልኛ ቤቱን ሞላው። እገዳው ኦክቶበር 8 ተነሳ። እኔ እንደማየው ሰው የሚከርመው ወዳጆቹና ተመልካቾቹ ያሉበት ነው፤ እልህ በር ያሻግራል እንጂ ቤት አያሠራም።

በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። ቲክቶክ ጃንዋሪ 18 ማታ ጠፋ፣ በማግስቱ ተመለሰ። ጃንዋሪ 20 ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የ75 ቀን ጊዜ የሚሰጥ ትእዛዝ ፈረሙ፣ ከዚያም ደጋግመው አራዘሙት። አብዛኛው ስደተኛ ወደ ቤቱ ገባ። የቴክሳስ ገዥ በወሩ መጨረሻ ሬድኖትን ከመንግሥት ስልኮችና ኮምፒውተሮች አገዱ። የቀሩት ጥቂቶች ግን አሉ፤ ምግብ የሚያበስሉ፣ ቋንቋ የሚማሩ፣ በዚያ ሳምንት ከተዋወቁት ሰው ጋር እስካሁን በትርጉም ቁልፉ የሚጻጻፉ።